ዕድሜ ያለዝባል ወይ?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ጉኑኖ በሄድኩበት ሰሞን አንድ ጠርሙስ አጋጠመኝ። «ስለ መጠጥ ደግሞ ምን ፍልስፍና ይጻፋል?» ብሎ የሚስቅ ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ይሳቅ። በበኩሌ ግን በዚያ ጠርሙስ ምክንያት አንድ ውሸት ሲነገር ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ዝምታዬም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጥያቄውን ብቻዬን ይዤው ከምዞር ለእኩዮቼ ላካፍል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ለብዙ ዓመት ከኖረበት ከአውሮፓ ሲመጣ ለአጎታችን የሚሆን ስጦታ ይዞ መጣ። አጎታችን ሰባውን አልፈዋል። ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ በ1964 ዓ.ም. ገደማ፣ ከጉኑኖ ወጥተው ወንጂ ወርደው አገዳ ቆርጠዋል። የአክስቴ ልጅ ይህን ስለሚያውቅ «አጎቴ የቆረጠው አገዳ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ይይ» ብሎ ከኤርፖርት ሱቅ አንድ ሩም ገዛላቸው። ሩም ማለት፣ ለማያውቀው፣ ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አረቄ ነው። ይኸኛው ታዲያ ተራ አልነበረም። ከተለያየ አገር የመጣ፣ በእንጨት በርሜል አሥራ ሁለት ዓመት ከተኛ በኋላ የተቀየጠ ነው ይላል ጽሑፉ። ጠርሙሱ ላይ ሸራዋን የወጠረች መርከብ በወርቅ ቀለም ተሥላለች፤ ከመርከቧ በላይ ከባሕር ማዶ ይነግድ የነበረ የአንድ ጥንታዊ ኩባንያ ስም አለ። ስሙን እዚህ አልጠቅሰውም፤ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዳይሆንብኝ።

አጎታችን የቃለ ሕይወት አማኝ ናቸው፤ መጠጥ አይቀምሱም። የአክስቴ ልጅ ይህን ረስቶት ኖሯል፤ ማዶ ሲኖሩ የሚረሳ ነገር ሳይሆን አይቀርም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩና ቀለሙን አዩ። «ማር ይመስላል» አሉ። ከዚያ በወላይትኛ ጠየቁ።

«ይህች መርከብ የማን ናት?»

«የድሮ ኩባንያ ናት፣ አጎቴ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ።»

«ምን ይነግድ ነበር?»

ጸጥ አልን። የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ከፊቴ የቀረበውን ጎደሬና ዳጣ አየሁ። ሁለታችንም የተማርን ሰዎች ነን ባዮች ነን፤ ሁለታችንም መልሱን እናውቃለን።

«ቅመም» አላቸው። «ቅመም ነበር የሚነግደው። ጨርቅም።»

ውሸት ነው እንዳልል ቅመምም ጨርቅም ነግዷል። ግን ሰውም ነግዷል። ይህን ማለት ያቃተን ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ የአጎታችን የአያታቸው ታላቅ እህት ታሪክ ስላለ ነው። በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር በንጉሥ ጦና አገር ላይ ሲዘምት፣ ልጅቱ ከተማረኩት ጋር ተነዳች፤ ወዴት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ዘመቻውን በዓይኑ ያየው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄም በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከብቱና ምርኮኛው እንዴት እንደተከፋፈለ ጽፏል፤ እዚያ ውስጥ የእሷ ስም የለም፤ ከየት ይምጣ! ስሟ ያለው በአጎታችን አፍ ብቻ ነው። እንግዲህ እንዲህ ላሉ ሰው የሰው ነጋዴ መርከብ በወርቅ ተሥሎ በስጦታ ሲሰጣቸው ምን ይባላል?

አንደኛው መልስ፣ የአክስቴም ልጅ በኋላ የሰጠኝ መልስ፣ «ሦስት መቶ ዓመት እኮ ነው፤ ለዝቧል» የሚል ነው። በዶርም ክርክራችንም ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ይመጣል። ለዝቧል። እውን ዕድሜ ያለዝባል? መጠጡን ያለዘበው ምን እንደሆነ ካላወቅን በዚህ ጥያቄ ላይ ዝም ብሎ መከራከር ነው።

አገዳው ተጨምቆ፣ ጭማቂው ፈልቶ፣ ስኳሩ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ጥቁርና ወፍራም ዝቃጭ ሞላሰስ ይባላል። በ17ኛው መቶ ዘመን በባርቤዶስ ደሴት ስኳሩ ወደ እንግሊዝ አገር ሲጫን ይህ ዝቃጭ እዚያው ይቀር ነበር። አገዳውን የሚቆርጡት ከአፍሪካ ታስረው የመጡ ባሮች ናቸው። ሞላሰሱ በውኃ ተበጥብጦ ሲቀመጥ ይብላላል፤ የተብላላውን ወደ እሳት ጥዶ እንፋሎቱን ማጠራቀም ነው እንግዲህ፤ የእኛዋ አረቄ አውጪ እናት በሸክላዋና በቧንቧዋ ከምትሠራው ብዙም አይርቅም። የወጣው መጠጥ ጉሮሮ የሚልጥ ነበርና በዘመኑ «ሰይጣን ገዳይ» የሚል ስም ተሰጠው። ያን ጊዜ ጌታ አልነበረውም፤ የባሪያና የመርከበኛ መጠጥ ነው። ወዲያው ግን ገበያ ሆነ። ከሰሜን አሜሪካ ከሮድ አይላንድ ወደብ የሚነሡ መርከቦች ሩም ጭነው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሄደው በሩሙ ሰው ይገዙበት ነበር። የተገዛው ሰው ወደ ደሴቶቹ ተወስዶ አገዳ ይቆርጣል፤ ከአገዳው ሞላሰስ ይወጣል፤ ከሞላሰሱ ሩም። ሰው በገዛ ላቡ ጠብታ ተሸጠ ማለት ማጋነን አይመስለኝም። አረቄ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው ላብ ከሚለው ቃል የመጣ ነውና።

በርሜሉስ? በርሜሉ ከባሉጥ እንጨት የሚሠራ፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበ ነው። ብዙዎቹ በርሜሎች ከአሜሪካ የሚመጡ አሮጌዎች ናቸው፤ ቡርቦን የሚባለው ውስኪ በሕግ አዲስ በርሜል ስለሚፈልግ አንድ ጊዜ የተሠራበት ለሩም ሰዎች ይሸጣል። ነጩ መጠጥ እዚያ ውስጥ ሲተኛ ሙቀት ሲሆን ወደ እንጨቱ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል፤ ከእንጨቱ ቀለምና ሽታ ይቀበላል፣ ሸካራነቱን ለእንጨቱና ለአየሩ ይተዋል። በየዓመቱም የተወሰነው ይተናል። ጠማቂዎቹ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በቀዝቃዛው በስኮትላንድ በዓመት ከመቶ ሁለት ያህል ነው፤ በሞቃቱ ደሴት ሦስት እጥፍም ይሆናል፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ግማሽ ያህሉ በንኖ ይሄዳል ማለት ነው። በመጨረሻ የቀያጩ እጅ ይመጣል፤ ከዚህኛው በርሜል ይህን ያህል፣ ከዚያኛው ያን ያህል እያለ አንድ ጣዕም ያወጣል።

ጉኑኖ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቆጮ አለን። እንሰቱ ተፍቆ በራሱ ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ወራት ይቆያል፣ ዓመትም የሚያልፍበት አለ። ያለጊዜው ያወጣው ይቆጨዋል። ግን ልብ በሉ፤ ቆጮን ያበሰለው ጊዜ ብቻ አይደለም። እናቶቻችን ጉድጓዱን እየከፈቱ ያገላብጡታል፣ ቅጠሉን ይለውጣሉ፣ ውኃ እንዳይገባው ይጠብቃሉ። እንዲያው ተቀብሮ የተረሳ ቆጮ ይበላሻል እንጂ አይበስልም። በርሜሉም እንደዚያው ነው። እንጨቱ ከመጠጡ ተቀብሎ ለመጠጡ ይሰጣል፤ የሚተንነውም ይተንናል፤ አንድ ሰው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል።

ለጥያቄዬ ግማሹ መልስ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሩም ወደ ጠርሙስ ከገባ በኋላ አያረጅም። መስታወት ከመጠጡ አይቀበልም፣ ለመጠጡም አይሰጥም። አሥራ ሁለት ዓመት ተብሎ የታሸገ መደርደሪያ ላይ ሃያ ዓመት ቢቆም ያው አሥራ ሁለት ዓመት ነው። እንግዲህ የዚያ ኩባንያ ግፍ ሦስት መቶ ዓመት የተኛው በምን ውስጥ ነው? ማን ከፍቶ አገላበጠው? ማን ከእሱ ተቀበለ፣ ማንስ ሰጠ? አንድም ሰው ካልተናገረበት፣ አንድም ካሣ ካልወጣበት፣ የተኛው በመስታወት ውስጥ ነውና ትናንት እንደታሸገ ነው። ቁጥሩ ብቻ ነው ያደገው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ይህ ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። የወጋው አልረሳምና! እንዲያውም በወርቅ ቀለም ጽፎታል። እነዚህን ጠርሙሶች ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ የሚያስፈራን መርሳት ነው እያልን ስናስተምር፣ መታወስስ እንዲህም እንደሚሆን ማን አሰበ? የዚህ ዓይነት ስም የያዘ መጠጥ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተቋቋመ «ኮምፓኒ ዴዛንድ» የሚባል ሩም ጠርሙስ ሞይ አለ። ስሙን የወሰደው የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር በ1664 እ.ኤ.አ. ካቋቋማቸው የህንድ ኩባንያዎች ነው፤ እነሱም በኋላ፣ በ1719፣ በአንድ ስም ተጠቃልለው ከሴኔጋልና ከአካባቢው ጠረፍ ሰው እየጫኑ ወደ ሉዊዚያና አጋዙ። ካፒቴን ሞርጋን የሚባለውማ በየባሩ ሥዕሉ ተሰቅሏል፤ ቀይ ካባ ለብሶ የሚስቀው ሰውዬ ሄንሪ ሞርጋን በ1671 እ.ኤ.አ. የፓናማን ከተማ የዘረፈ፣ ኋላም በጃማይካ የስኳር እርሻና ባሮች የነበሩት ሹም ነው። አሁን ግን ደስተኛ ሰውዬ ነው፤ እግሩን በርሜል ላይ አስቀምጦ ይስቃል።

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው «ኧረ ባክህ! ስም የሚጠጣ ሰው የለም። መጠጥ መጠጥ ነው» አለኝ። እንዴት አይጠጣም? ስም የማይጠጣ ከሆነ ኩባንያው ለወርቅ ቀለሙ ለምን ይከፍላል? «ቁጥር 7» ብሎ ቢሸጠው ማን ያን ያህል ብር ይሰጣል? ገዢው የሚገዛው መርከቧን ነው፣ ማዕበሉን ነው፣ ሩቅ አገርን ነው። በመርከቧ ሆድ ውስጥ ያለውን ግን ሳያይ ይገዛል። እንግዲህ ስሙ ጣዕም ካለው፣ ጣዕሙ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሌላው ተከራካሪ የበረታ ነው። «ጥፋት አይወረስም» ይላል። «የዛሬው ቀያጭ ማንንም አላሰረም፤ ከአባቱ አባት አባት ጥፋት ጋር ምን አገናኘው?» ይህን እቀበላለሁ። በእውነት እቀበላለሁ፤ አለበለዚያ እኔም የማላውቀውን የአያቶቼን ዕዳ ልሸከም ነው። ነገር ግን በአገራችን ልማድ ወራሽ እርሻውንና ከብቱን ቆጥሮ ተረክቦ ዕዳ ጠያቂ ሲመጣ «ሟቹን ጠይቁ» አይልም፤ ከውርሱ ላይ ዕዳ ይከፈላል። የኩባንያውን ስም ያልወረሰ፣ መርከቡንም ያልሣለ፣ ንጹሕ ነው። ክብሩን እወርሳለሁ ብሎ ስሙን ከመቃብር ያወጣ ሰው ግን፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ወራሽ ነኝ ብሎ የቀረበ ነው። እንደ ወራሽ ይጠየቃል።

ታዲያ ስሙ ይፋቅ? «ፕላንቴሽን» የሚባል በዓለም የታወቀ ሩም ነበር። ቃሉ ባሮች ይሠሩበት የነበረውን ሰፊ እርሻ ስለሚያስታውስ፣ ባለቤቱ የፈረንሳይ ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ስሙን እለውጣለሁ አለ፤ በ2023 «ፕላንተሬይ» የሚል አዲስ ስም አወጣ። ሁለት ሦስት ፊደል ነው የተለወጠው። ይህን ስሰማ ግማሽ ልቤ ደስ አለው፣ ግማሹ ግን አዘነ። ነውሩን ማፈሩ መልካም ነው። ግን ገዢው ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ አዲሱን ስም ሲያነብ ምን ያስታውሳል? ምንም። በወርቅ መጻፍም መፋቅም ሁለቱም ቀላሉን መንገድ የመረጡ ናቸው። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለት ስሙን ትቶ ከሥሩ እውነቱን መጻፍ፣ ለንግድ አይመችም ይሉኛል። ላይመች ይችላል። የሚያናድደኝ፣ ዕድሜውን ለመቁጠር ቦታ የነበረው ወረቀት እጁን ለመቁጠር ቦታ አለማግኘቱ ነው።

እስከዚህ የተናገርኩት ስለ ሩቅ አገር ነው፤ ስለ ሩቅ አገር መቆጣት ደግሞ ቀላል ነው። ወደ ቤት ልመለስ።

አጎቴ የወረዱበትን የወንጂን ስኳር ያመጣው ማን ነው? በ1879 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የተቋቋመው፣ በተለምዶ ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ሀብቱን ያከማቸው በጃቫና በሱማትራ እርሻዎች ነው። ጃቫ ማለት ሆላንዶች ከ1830 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ገበሬውን መሬቱን ከፍሎ አገዳና ቡና እንዲተክልላቸው ያስገደዱባት ደሴት ናት፤ ከዚያችው ደሴት ከሞላሰስ የሚወጣ «የባታቪያ አረቄ» የሚባል መጠጥም በመርከብ ወደ አምስተርዳም ይጋዝ ነበር። እዩት፣ ቃሉ ራሱ የእኛው አረቄ ነው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ኩባንያው ሌላ አገር ፈለገ፤ በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፣ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ቀጥሎ ሸዋ፣ ቀጥሎ መተሐራ። በወንጂ ከብት ያሰማሩ የነበሩት ጂሌዎች፣ በመተሐራ ከረዩዎች፣ መሬታቸውን ለአገዳው ለቀቁ። ቅኝ አልተገዛንም ብለን የምንኮራ አገር፣ ቅኝ ግዛት ያሠለጠነውን ኩባንያ በክብር ጠርተን ተቀበልን ማለት ነው። እስከ ጥር 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ እስኪወርሰው፣ ቆየ።

ቆራጮቹ ከየት መጡ? ብዙዎቹ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ናቸው። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ጉኑኖን ይይ። ሰዉ ብዙ ነው፣ መሬቱ ጠባብ ነው፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. እዚሁ ጉኑኖ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በየዝናቡ የሚታጠበውን አፈር ሲለካ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1887ቱ ዘመቻ በኋላ ደግሞ ገበሬው ገባር ሆኖ ነበር። እንግዲህ ወጣቱ ምን ያድርግ? ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

እንግዲህ እኔ፣ አንደኛ ዓመት ላይ ስለ ብዝበዛ ያነበብኩትን ይዤ፣ አጎቴን «እንዴት በደሏችሁ?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። መልሳቸው የፈለግሁት አልነበረም። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ስለሚቃጠል ሲመሽ ሁላቸውም ጥላሸት ይመስሉ እንደነበር ነገሩኝና ሳቁ። ፈጣን ቆራጭ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ባጠራቀሙት ብር በሬ ገዝተው ጉኑኖ ሲገቡ እናታቸው እልል አሉ። «ያ በሬ ነው ያገባኝ» ይላሉ። እንግዲህ በዚህ ላይ ምን ልበል? ተበዝብዘዋል ብዬ ልንገራቸው? ኩራታቸውን ልንጠቃቸው? በሌላ በኩል በሬው ስለተገዛ የጂሌው መሬት ተመለሰ ማለት አይደለም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። አንዱን ብቻ የሚያወራ ሰው፣ ቀኝም ይሁን ግራ፣ እንደ የአክስቴ ልጅ «ቅመም ነበር» እያለ ነው።

ከወንጂ ሞላሰስ ግን በባሉጥ በርሜል የተኛ፣ መርከብ የተሣለበት ሩም ስሙን አልሰማሁም። የእኛ አገር ሞላሰስ ለአልኮል ፋብሪካ ይሄዳል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም.ማ ከእሱ የወጣው ኤታኖል አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር ተቀይጦ መኪና ነዳበት። የእኛ ቅይጥ እንዲህ ሆነ።

አሁን ደግሞ ልተወው የምፈልገው፣ ግን መተው የማይገባኝ ነገር አለ። የአክስቴ ልጅ በኋላ ስንከራከር «የፈረንጁን ወረቀት ታነባለህ፣ የጉኑኖን አረቄ ማን ይሠራዋል ብለህ ጠይቀሃል?» አለኝ። ነካኝ። አረቄው የሚጠነሰስበትን ጋን፣ የሚወጣበትን ሸክላ የሚሠሩት ሸክላ ሠሪ ሴቶች ናቸው። በወላይታ ሸክላ ሠሪው ወገን ከሌላው ጋር አይጋባም ነበር፤ አብሮ አይበላም ነበር፤ የወገኑ ስም ራሱ ስድብ ሆኖ ስለኖረ እዚህ አልጽፈውም። ዛሬ ሕጉ እኩል አድርጎናል፤ ግን በሠርግ ሰሞን ሽማግሌ ሲላክ ማን የማንን ዘር እንደሚጠይቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሌላም አለ። በነጦና ዘመን፣ ምኒልክ ከመምጣታቸው በፊት፣ በወላይታ ባሪያ ነበር። የተማረከችው የአጎቴ አያት እህት ከተነዳችበት ቤት ውስጥ ራሱ ባሪያ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ይህን አጎቴን ጠይቄ አላውቅም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ብዙ ሩቅ አይደለም፤ የአባቶቻቸው ዘመን ነው።

እንግዲህ የፈረንጁን ጠርሙስ የምወቅሰው እኔ ማነኝ? ይህ ጥያቄ ለጥቂት ቀናት አፌን ዘጋው። በኋላ ግን ዝምታ የማይገባ መሰለኝ። የራሴ ጋን ስም የለውም ማለት የሌላው ጠርሙስ ሐሰት ይጻፍበት ማለት አይደለም። ይልቅ አንዱ የሌላውን ያስጠይቃል። ማንም ንጹሕ ሆኖ መናገር ካለበት የሚናገር አይኖርም፤ ይህ ደግሞ ለማን እንደሚመች ግልጽ ነው።

ወደዚያች ምሽት ልመለስ። አጎታችን ጸልየው ወደ መኝታቸው ገቡ። እኛ በእንግዳ ጎጆው ውስጥ ቀረን፤ የአክስቴ ልጅ ጠርሙሱን ከፈተው። «እሳቸው አይጠጡትም፤ ይበላሽ?» አለ። አይበላሽም፤ ግን አልተከራከርኩም። በሻይ ብርጭቆ ቀዳልኝ። መራራ ነበር ብል ለጽሑፌ ያምር ነበር። አልነበረም። ጣፋጭ ነበር፤ እንደ ተቃጠለ ስኳር፣ እንደ ደረቀ ፍሬ ያለ፣ ወደ ሆድ ሲወርድ የሚያሞቅ። ሁለተኛም ቀዳልኝ፤ ጠጣሁ። ሊያንገፈግፈኝ ይገባ የነበረ ነገር ደስ አለኝ። ለዚህ እስከ አሁን ማብራሪያ የለኝም፤ ምላስ የኅሊና ታዛዥ አይደለም ከማለት በቀር።

ጠዋት አጎቴ ደጅ ተቀምጠው ሳገኛቸው የአክስቴ ልጅ ገና ተኝቶ ነበር። ጎናቸው ተቀመጥኩ። እንዲህ አልኳቸው፤ «አጎቴ፣ ትናንት ስለዚያ ኩባንያ ቅመም ነው ያልንዎት ሙሉው አይደለም። ሰውም ይነግድ ነበር። ከአፍሪካ።»

ጥቂት ዝም አሉ። የተቆጡ አልመሰሉኝም።

«ያን የምታክል መርከብ ለቅመም ብቻ አይሠሯትም» አሉ። «እንድትነግሩኝ ነበር የጠየቅኋችሁ።»

የምለው አጣሁ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ቀመሳችሁት?»

«አዎ።»

«ጣፈጠ?»

«ጣፈጠ፣ አጎቴ።»

«ይጣፍጣል እንጂ» አሉ። «ስኳሩም ይጣፍጥ ነበር።»

ከዚያ ጠርሙሱን እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። አመጣሁ። የተጻፈበትን ሁሉ፣ በጀርባው ያለውን ደቃቁን ፊደል ሳይቀር፣ እያነበብኩ በወላይትኛ እንድነግራቸው ፈለጉ። የኩባንያውን ስም ነገርኳቸው፤ ዓመቱን፤ የአልኮሉን መጠን፤ አገዳው የበቀለባቸውን አገሮች። የቆረጠው ማን እንደሆነ ተጽፎ እንደሆን ጠየቁኝ። «አልተጻፈም» አልኳቸው። ገልብጠው ራሳቸው አዩት፤ ፊደሉን ባያነቡትም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡና የወንጂው ቢላቸው ከሚሰቀልበት ግድግዳ ሥር፣ ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። እስካሁን እዚያው ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ጎድሎ።